ያልተጠየቀው እርማት

የልጅ ልጄን ሱሃይላንና ሩስዲን ያገናኛቸው ጎርፍ ነው። በእኛ በኬላንታን ወንዙ በዓመቱ መጨረሻ ይሞላል። እንደ አንዳንድ ዘመድ ሳይጠሩት ይመጣል፤ ገብቶም ምንጣፍ ያበላሻል። በዚያ ዓመት ግን የቤታችንን ደረጃ ወጥቶ ወለሉን ነካ። እኔ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ «ያ አላህ፣ ዛሬስ አበቃልን!» እያልኩ ስጮህ፣ አንድ ቀጭን ጎረምሳ ጀልባ እየቀዘፈ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

«ቶክ፣ ይግቡ። ቀስ ብለው መሃል ላይ ይቀመጡ።»

መንደሩ ሁሉ ቶክ፣ አያት፣ እያለ ነው የሚጠራኝ። የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ ገባሁ። ሱሃይላ ድመቷን በአንድ እጇ፣ የሩዝ ማብሰያውን በሌላው አቅፋ ከኋላዬ ብቅ አለች።

«ድመቷ ትግባ። ማብሰያው ይቅር» አላት ልጁ።

«ማብሰያው ከቀረ እኔም እቀራለሁ።»

«ጀልባው ይሰምጣል እኮ!»

«አንተ ውረድና ዋኛ ታዲያ።»

እኔ ሞት አፍ ላይ ተቀምጬ እነሱ ይሳሳቃሉ! ዞር ብዬ ባይ ቀዛፊያችን ውሃውን ትቶ እሷን ያያል። «አንተ ልጅ፣ ፊትህን ወደ ወንዙ!» አልኩት። ደነገጠ። እሷ ደግሞ አፍራ መሬት መሬት አየች፤ መሬት የሚባል ነገር በአካባቢው ባይኖርም።

ሱሃይላን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ልጅቷ ገና ሳትጠና ነው ያረፈችባት። አባቷ ልጄ ዛካሪያ በመንደሩ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል። ጥብቅ ነው፤ ሸሚዙ እንኳ ሳይተኮስ የዋለበት ቀን የለም። ሩስዲም ተማሪው ነበር፤ ድልድዩ አጠገብ የተፈጨ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጠው፣ እመት እንደማለት ሜክ የምንላት የሜክ ሳፊያ አንድ ልጅ። አባቱን ባሕር ወስዶታል።

ከጎርፉ በኋላ ልጁ ለጥናት እያለ በረንዳችን ላይ መምጣት ጀመረ። እኔም ሽንኩርት እየላጥኩ በመካከላቸው እቀመጣለሁ። እሱ መጽሐፍ ሲገልጥ እሷ ገጹን ሳይሆን ጣቱን ታያለች። እሱ ቀና ሲል እሷ ታቀረቅራለች፤ እሷ ቀና ስትል እሱ። እንዲህ ሲሸሻሹ ይውሉና ሲመሽ «በጣም አጠናን» ይላሉ። እኔ ሽንኩርቴን እልጣለሁ። ሴት ልጅ ያሳደገ ሰው እንቅልፍ የለውም።

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጥናት ጽሑፍ ይሠራል። ጽሑፉን የሚያርመው የተማሪው የራሱ መምህር ነው፤ ቀሪውን ፈተና ሌላ ቦታ ያርሙታል። ሩስዲ የወሰደው የወንዙን ነገር ነው። ቤቶቻችን ሁሉ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ስለሆኑ እያንዳንዱ ጎርፍ ምሰሶው ላይ የራሱን መስመር ጥሎ ይሄዳል። ልጁ ከቤት ቤት እየዞረ መስመሩን ለካ። «ይሄኛው የየትኛው ዓመት ነው?» እያለ ሽማግሌ ሁሉ ጠየቀ። እኔንም ጠይቆኛል። ባሌ የሞተበትን ዓመት ውሃ በጣቴ አሳየሁት፤ እሱም ሳይቸኩል እስክጨርስ አዳመጠኝ።

ፈተናው እንዳለቀ፣ ውጤት ሳይመጣ፣ ሜክ ሳፊያ የሙዝ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ሐር ለብሳ፣ ለሽምግልና የሚቀርበውን የጥንቡል ቅጠል በትሪ ደርድራ መጣች። ነገሩ ገብቶናል። ግን በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይባልም።

«ከግቢያችሁ አንዲት አበባ አለች ሲሉ ሰማን» አለች ሜክ ሳፊያ። «ባለቤት ይኖራት እንደሆነ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።»

«አበባዋ ገና ትምህርት ላይ ናት» አለ ዛካሪያ። «ሁለቱም ዩኒቨርሲቲ ይግቡ። ከመሄዳቸው በፊት ቀለበት እናስራለን። ልጁ ሳይገባ ከቀረ ግን እኔ ልጄን እዚህ አስሬ አላስቀራትም፤ ያንንም ሜክ ይወቁልኝ።»

ሱሃይላ ከመጋረጃው ኋላ ነበረች። ሻይ ይዛ ስትወጣ ሲኒዎቹ ትሪው ላይ ይንጫጩ ነበር።

ውጤቱ መጣ። ሱሃይላ ፔናንግ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ሩስዲ ለፀጉር ያህል ጎድሎ ቀረበት። ሌላው ሁሉ አምሮለት የጎተተው ያ የጥናት ጽሑፉ ነበር።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ዳግም ይታረምልኝ የሚል እስከ ሐሙስ ከሰዓት ድረስ በትምህርት ቤቱ በኩል ያመልክት። በትምህርት ቤቱ በኩል ማለት ደግሞ በጂኦግራፊው ኃላፊ በኩል ማለት ነው። በልጄ በኩል።

ሱሃይላ ልጁን በረንዳችን ላይ ያዘችው። እኔ ውስጥ ሆኜ ጆሮዬን ጥያለሁ፤ ምን ላድርግ!

«ዛሬ አመልክት» አለችው።

«በአባትሽ ላይ?»

«በአባቴ ላይ ሳይሆን በውጤቱ ላይ።»

«ውጤቱን የሰጠው ማን ሆነና?»

«ጽሑፉ ጥሩ ነው አይደለም? አንተ ራስህ ምን ትላለህ?»

«ጥሩ ነው» አለ። «ከሠራሁት ሁሉ ጥሩው እሱ ነው።»

«እንግዲያስ ምን ትጠብቃለህ?»

«እናቴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹ባለፈው ልጅዎን ይስጡን ብለን ጥንቡል ይዘን ሄድን፤ አሁን ደግሞ እርማትዎ አላማረንም ልንላቸው ነው? በየትኛው ፊታችን?› አለችኝ። ልክ አይደለችም?»

«ልክ ናት» አለች ሱሃይላ። «ልክ መሆኗ ምን ይጠቅመኛል?»

ማታ እራት ላይ አባቷን ጠየቀችው። ሩዙን በዓሣ መረቅ እየለወሰች፣ ቀና ሳትል፤

«አባ፣ ተማሪ ዳግም ይታረምልኝ ቢል መምህሩ ይቀየማል?»

ዛካሪያ እጁን ታጠበ። «የሚጠይቅ ይጠይቅ። በሩ ክፍት ነው» አለና ተነሳ።

ይህንኑ ቃል ለሩስዲ ወስዳ ነገረችው። እሱ ግን ቃሉን ሳይሆን ድምፁን ነው የጠየቀው። «እንዴት አድርገው ነው ያሉት? ፈገግ ብለው?» «አይ» አለችው። መዋሸት አትችልም፤ እኔ ነኝ እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት።

ሐሙስ ደረሰ። ከሱሃይላ ጋር ከትምህርት ቤቱ ማዶ፣ የሸንኮራ ጭማቂ የሚሸጥበት ጥላ ሥር ተቀመጥን። «ጠምቶኛል» ብላ ነው ያወጣችኝ፤ ጭማቂውን ግን አልነካችውም። ሩስዲ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ግቢው ውስጥ ገብቶ ባንዲራው አጠገብ ቆመ። ልጄም ከቢሮው ወጣና ደረጃው ላይ ቆመ።

ሁለቱ ተያዩ። ከሩቅ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ተቀጣጥረው የተገናኙ ይላቸዋል። ዛካሪያ ደረጃውን አልወረደም፤ ወደ ውስጥም አልተመለሰም።

«ጠይቀው» አለች ሱሃይላ በሹክሹክታ። «በል፣ ጠይቀው!»

ሩስዲ ወደ ደረጃው ተጠጋ። ጎንበስ ብሎ የመምህሩን እጅ ሳመ። የሆነ ነገር ተናገረ፤ አጭር ነበር። ከዚያ ወደ ኋላው ተራምዶ፣ ዞሮ፣ በበሩ ወጣ። እኛን ሲያይ ራሱን ዝቅ አደረገ እንጂ አልቆመም።

ልጄ ደረጃው ላይ እንደቆመ ቀረ። ዘበኛው ቁልፍ እያንጓጓ ሲመጣ እጁን አንስቶ ከለከለው። ሌሎቹ መምህራን ሁሉ ሄደዋል፤ ነገ ጁምዓ ነው፤ በእኛ ዘንድ ቢሮ የለም። እሱ ግን በሩን አላስዘጋም።

ቤት ሲገባ ፊቱ ተለውጧል። የአመሻሹን የአስር ሶላት ሰግዶ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ጠራኝ።

«እማ፣ ‹መምህር፣ ስላስተማሩኝ ሁሉ አመሰግናለሁ› አለኝ። ሌላ አላለም።»

«ሌላ ምን እንዲልህ ፈልገህ ነበር?»

«እንዲጠይቀኝ ነዋ!» ልጄ እንዲህ ሲሆን ያየሁት የሚስቱ ቀብር ላይ ብቻ ነው። «ጽሑፉ የሚገባውን አላገኘም። ነገ አማቹ ሊሆን ነው፣ አዳላለት እንዳይሉኝ ብዬ እጄን አጠበቅኩበት። ሌላ ሰው ቢያየው ይጨምርለት ነበር። ማመልከቻውን ቢሰጠኝ አይኔን ሳላሽ እፈርምለት ነበር። አሁን ግን ጊዜው አለፈ።»

ሱሃይላ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች አላየናትም።

«ታዲያ ለምን ጠይቅ አላሉትም፣ አባ?»

«ጠይቅ ብለው አሁንም አዳላለት ይባል ነበር።»

«ማን ነው የሚለው? ስሙን ይንገሩኝ። ማን?»

በይሉኝታ የታሰረ ሰው አሳሪውን ጥራ ቢሉት ማንን ይጠራል? ሱሃይላ ወደ ድልድዩ ሮጠች። «ዝናብ መጣ፣ ጃንጥላ!» ብዬ ከኋላዋ ጮህኩ። አልሰማችኝም።

ነገረችው። ለሩስዲ፣ ሁሉንም። ሜክ ሳፊያ በኋላ እንዳጫወተችኝ ልጇ ዓሣ ሲጠብስ ነበር። አዳምጦ ሲጨርስ «ጥሩ ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። «ጥሩ ነበር» አለችው። ያን ጊዜ ነው ዘይቱ እስኪጨስ ድረስ ያለቀሰው።

ፔናንግ የምትሄድበት ቀን መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት። ሩስዲም መጣ፤ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ። እኔ ሻንጣዋን ቆጥሬ ሳልጨርስ ቆመው ያወራሉ።

«በሚቀጥለው ዓመት ትደግመዋለህ» አለችው።

«እደግመዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«በአውቶቡስ ጭስ መካከል አይማልም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ሱሃይላ፣ ብጠይቅ ኖሮ ከአባትሽ ጋር ተቀያይሜም ቢሆን አብሬሽ እሄድ ነበር። አሁን ከአባትሽ ጋር ተስማምቼ ካንቺ ቀረሁ። የትኛው ይሻል እንደነበር ዛሬ ገባኝ።»

እሷ የጋዜጣውን ጥቅል ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። በመስኮቱ በኩል ተያዩ፤ በዚያች አያያት ውስጥ ስንት ዓመት ይኖር የነበረ ትዳር እንደነበር አላህ ያውቃል።

ሊደግም ነበር፤ አልዋሸም። ግን እናቱ ታመመችና መጥበሻውን እሱ ያዘ። ዓመት ዓመትን ወለደ። መጀመሪያ በየማታው ይደዋወሉ ነበር፣ ከዚያ በየጁምዓው፣ ከዚያ በኢድ። በኋላ ሩስዲ የመንደራችንን አንዲት ደግ ልጅ አገባ። ሰርጉ ላይ ልጄ ዛካሪያ እንደ አባት ሆኖ ተቀመጠለት፤ ሩዙን ግን አልበላም። ሱሃይላ ፔናንግ አስተማሪ ሆና ቀረች። «መቼ ነው የምታገቢው?» ስላት «ሥራ በዛብኝ፣ ቶክ» ትለኛለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጨቀጭቃትም፤ ትላንትናን የሚጨቀጭቅ ሰው ምን ያተርፋል።

ባለፈው ሳምንት ደወለች። ድምጿ ሌላ ሆነብኝ፤ የታመመች መሰለኝ።

«ምን ሆነሽ ነው? በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ ቶክ። ዛሬ አንድ ተማሪዬ መጣብኝ። ጽሑፉን አርሜ ሰጥቼው ነበር። ‹መምህርት፣ ውጤቴ ልክ አይመስለኝም፣ ደግመው ይዩልኝ› አለኝ። ቆሞ! አይኔን እያየ!»

«ባለጌ ነው?»

«አይደለም፣ ቶክ። ፈርቶ ነበር። ግን ጠየቀ።»

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

«ተቀመጥ አልኩት። እዚያው እያየኝ ደግሜ አነበብኩት። ጨመርኩለት።»

«ስንት?»

«የሚገባውን» አለች። ትንፋሿ ይሰማኛል። ስታለቅስ ድምፅ እንዳይወጣት አፏን በእጇ እንደምትይዝ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃለሁ።

ስልኩን ስዘጋ ዛካሪያ ከበረንዳው ቀና አለ። ፀጉሩ ነጥቷል፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሸሚዙንም መተኮስ ትቷል።

«ማን ናት፣ እማ? ሱሃይላ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ምን ትላለች?»

አየሁት። ልጄ ነው፤ የወለድኩት ነው።

«ደህና ናት» አልኩት። «ሥራ በዝቶባታል።»