በኦክስ የወጣው «አቤት»

የሞተ ሰው ስማችሁን ቢጠራ «አቤት» ትላላችሁ?

ከመሳቃችሁ በፊት ጨርሳችሁ አንብቡ። ይህ የሆነ ነገር ነው። ባለፈው ዓርብ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ጊሜል የሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ። ጨለማ አልነበረም። ፀሐዩ መጋረጃውን አልፎ ወለሉን ያቃጥል ነበር።

እዚሁ በሁለት መስመር ስጽፈው «አምፕሊፋየሩ የፈጠረው ጩኸት ነው» ብላችሁ ያፌዛችሁብኝ አዋቂዎች... በተለይ እናንተ አንብቡ።

እናቴ ትርፌ አንድ ካሴት አላት። ታላቅ ወንድሟ ቢልልኝ ከጎንደር በሰው እጅ የላከላት ነው። ያኔ መጻፍ የማይችል ሰው ድምፁን ይልክ ነበር። በላከ በዓመቱ ሞተ። እኔ ገና አልተወለድኩም።

መጨረሻው ላይ ስሟን ይጠራል። «ትርፌ...» ይልና ዝም ይላል። እንድትመልስለት ቦታ ትቶላት ነው።

እሷም ካሴቱን ባጫወተች ቁጥር ትመልሳለች። «አቤት፣ ጋሼ።»

ዘንድሮ የቴፑ ስፒከር ተበላሸ። ድምፁ ታፈነ።

«ጥርት ብሎ ሳልሰማው አልሙት» አለች።

ወንድሜ ማታን በየሠርጉ ጊታር የሚጫወት ነው። አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ መጣ።

መጀመሪያ የቴፑን ገመድ አምፕሊፋየሩ ላይ ባለው የጊታር ቀዳዳ ሰካው። የአጎቴ ድምፅ ወፍሮ፣ ሻክሮ ወጣ።

«ይሄ ወንድሜ ነው ወይስ በሬ?» አለች እናቴ።

ማታን ሳቀ። «ራጋ፣ እማ፣ ታገሺ። ይሄ ቀዳዳ ለጊታር ነው፣ ከራሱ ቀለም ይጨምራል። ኦክስ የሚለው ግን ምንም አይጨምርም። የገባውን ብቻ ነው የሚያወጣው። ናኪ። ንጹህ።»

ገመዱን ነቅሎ ኦክሱ ላይ ሰካ።

«ዛሬ ግን አቤት አትበይ። እሱን ብቻ እንስማው።»

«ሲጠሩት ዝም የሚል ሰው አለ እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ እማ።»

እናቴ በመዳፏ አፏን ያዘች።

ድምፁ ወጣ... አጎቴ ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ትንፋሹ ይሰማል። ከሩቅ ዶሮ ይጮኻል። የእናቴ እንባ በጣቶቿ ላይ ወረደ።

«ትርፌ...»

ዝም።

ከዚያ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ...

«አቤት፣ ጋሼ።»

የእናቴ ድምፅ ነው። የያኔዋ ወጣት አይደለችም። የዛሬዋ ነች፤ አስም ያሻከረው የአሮጊት ድምፅ።

ዞር ብዬ አየኋት። መዳፏ አሁንም አፏ ላይ ነው።

«ማታን... አንተ ነህ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«አልነካሁትም።»

«ድምፅዋን ቀድተህበት ነው።»

«ሃዳስ፣ ቴፑ ማጫወቻ ብቻ ነው። አይቀዳም።»

ካሴቱ መዞሩን ቀጠለ። ከዚያ ወዲያ ባዶ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

«ሃዳስ...» አለ አጎቴ።

እኔን አያውቀኝም። ሳልወለድ ነው የሞተው።

ገመዱን ነቀልኩት።

እናቴ እጇን ከአፏ አወረደች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ... ድምፅ የለም። እስከ ዛሬም የለም። ሐኪሞቹ ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው አሉን።

ዛሬ ጠዋት ከወጥ ቤት ሆኜ «እማ» ብዬ ጠራኋት።

እናቴ ስጠራት ዕድሜዬን ሙሉ «ወዬ» ነው የምትለኝ። እናት ለልጇ ሌላ ምን ትላለች?

«አቤት፣ ጋሼ።»

ከሳሎን ነው። ሮጬ ገባሁ። እናቴ ከንፈሯን ገጥማ አምፕሊፋየሩን ታያለች። ኤሌክትሪክ የለውም። ገመድ የለውም። ትንሿ ቀይ መብራት ግን በርታለች።

የእኔም ስም ተጠርቷል። የመልሱ ቦታ ገና ባዶ ነው።

እንግዲህ አዋቂዎች ሆይ፣ ኦክስ የገባውን ብቻ የሚያወጣ ከሆነ በዚያ ቀዳዳ የገባው ማን ነው? በግል መልእክት አትላኩልኝ። በስማችሁ፣ እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እያነበበ መልሱልኝ።