የገመዱ እሳት ሳይጠፋ

በኪዮሆ ዘመን በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ ፈረንጆች ፲፯፻፴፪ በሚሉት ዘመን፣ በሰባተኛው ወር መባቻ ኦሳካ በሙቀት ታፍና ነበር፤ የዶጂማ ወንዝ ጎድሎ የሩዝ ጀልባዎች ጭቃውን እየታከኩ ያልፋሉ፤ በወንዙ ዳር ባለው ገበያ ግን የነጋዴው መንጋ ከማለዳ ጀምሮ እጁን እያወናጨፈ፣ ገና ያልታጨደ ሩዝ ይሸጥና ይገዛ ነበር።

ከነዚያ ነጋዴዎች አንዱ ካንሱኬ ነው። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው፤ ትውልዱ ከባሕር ማዶ ከኢዮ አገር፣ ከገበሬ ቤት። የሂሺያ ንግድ ቤት ወንድ ወራሽ ስላልነበረው ሽማግሌው ሞኩበይ ልጃቸውን ኦዮኔን ድረውለት፣ የቤቱንም ስም አልብሰው ጌታ አደረጉት። ውሉ ግን ጥብቅ ነበር፤ የቤቱን ገንዘብ እኩሌታ ያጠፋ እንደሆነ ስሙን መልሶ፣ ሚስቱንና ሴት ልጁን ትቶ፣ እንዳመጣጡ ባዶ እጁን ወደ ኢዮ ይመለሳል። የገበያውም ሰው ይህን ያውቃልና “ሦስት እፍኝ የሩዝ ገለባ እንኳ ያለው ወንድ ሚስቱ ቤት አይገባም” የሚለውን ተረት ጠዋት ጠዋት ይወረውርበት ነበር።

ካንሱኬ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ውል በላይ ይዞ አያውቅም። አንድ ውል ማለት መቶ ሰው ዓመት ሙሉ የሚመግብ ሩዝ ነው። ልኩን የሰጡት ሽማግሌው ናቸው፤ “የነጋዴ ልክ የቁርስ ልክ ነው” ይሉ ነበር፤ “ዋጋው በማግሥቱ ፊቱን ቢያዞርብህ ቁርስህን መብላት የምትችልበትን ያህል ብቻ ያዝ።”

በዚያው ሳምንት የታናሽ ወንድሙ የቶኩዞ ደብዳቤ በጀልባ ደረሰው። “ተባዩ እንደ ጉም ወረደ” ይላል፤ “ማለዳ አረንጓዴ የነበረው ማሳ ማታ ገለባ ሆኖ አደረ። የዓሣ ነባሪ ዘይት ውኃው ላይ አፈሰስን፣ ችቦ አብርተን ከበሮ መታን፤ አልሆነም። ልጆቹ የሣር ሥር መልቀም ጀምረዋል።” ኦሳካ ይህን ገና በጭምጭምታ እንጂ በእርግጥ አልሰማችም። ካንሱኬ አወቀ፤ ካወቀም በኋላ እግሩ አንድ ቦታ አልረጋ አለው። ሩዝ እንደሚወደድ ፀሐይ እንደምትወጣ ያህል ተማመነ፤ ብዙ ቢይዝ ለወንድሙ ልጆች ጀልባ ሙሉ እህል ይልካል፤ የገለባውም ተረት ከጆሮው ይወርዳል። ከሁለቱ የትኛው እንደገፋው እሱ ራሱ አልለየም፤ ሰማይ ያውቃል።

ሙሉ ዋጋውን ሳይከፍል፣ መያዣ ብቻ አስይዞ ሠላሳ ውል ገዛ።

“ኧረ ካንሱኬ! ዛሬ ሚስትህ ፈቀደችልህ እንዴ?” አለው ዴንኩሮ፣ ጎን ለጎን የሚነግድ ጓደኛው፣ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ ያልሆነ ሰው።

“ፈቃድ አልጠየቅሁም” ብሎ ደብዳቤውን አሳየው።

ዴንኩሮ አንብቦ ትከሻውን መታው። “በል እንግዲህ ወንድ ወጣህ! እኔም እከተልሃለሁ። ከተሳሳትን አብረን ገለባ እንበላለን።”

ሦስት ቀን አለፈ። ዋጋው አልወጣም፤ እንዲያውም ጥቂት ጥቂት እያለ ይንሸራተት ጀመር። በአራተኛው ቀን ማለዳ ካንሱኬ በሻይ የተቀቀለ የሩዝ ገንፎውን ከፊቱ አስቀምጦ ያማስላል።

“ሦስት ቀንህ ነው፤ ታማስላለህ ትተወዋለህ” አለች ኦዮኔ። “ስንት ይዘህ ነው?”

“ሠላሳ።”

እጇ ላይ የነበረውን የአተር ቂጣ ሳህን ቀስ ብላ አኖረችው። “አባባ፣ ሰሙ?”

“ሰማሁ እንጂ። ጆሮዬ ብቻ ነው የተረፈኝ” አሉ ሽማግሌው ከማዶ።

ካንሱኬ ደብዳቤውን ከጉያው አወጣ። “አባቴ፣ አልተሳሳትኩም። ወንድሜ ነው የጻፈልኝ። ዋጋው ይወጣል፤ እርስዎም ያውቁታል።”

“ይወጣል። ማን አይወጣም አለህ? እኔ የምጠይቅህ እስኪወጣ ድረስ አንተ ትቆያለህ ወይ ነው። በሬው የኔ ነው ብሎ ገመዱን የእጁ አንጓ ላይ የሚቋጥር ሰው አለ? በሬው የደነበረ ዕለት በሬው አይሞትም።”

“የቶኩዞ ልጆች ሣር እየበሉ…”

“የቶኩዞን ልጆች ለማብላት የራስህን ልጅ አስይዘህ ገባህ” አሉ ሞኩበይ፤ ድምፃቸው ግን አልጠነከረም። “በል፣ ገንፎህን ብላ።”

ካንሱኬ አንድ ጊዜ ወደ አፉ አደረሰና ሳይቀምስ መለሰው። ሽማግሌው የሞላውን ሳህን አዩና ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ።

በዚያ ቀን ገበያው ላይ አዲስ ወሬ ወረደ፤ መንግሥት የጎተራውን ሩዝ ሊያወጣ ነው ተባለ። እውነት ይሁን ውሸት ማንም አልጠየቀም፤ ዋጋው እንደ ተለቀቀ ባልዲ ወደ ታች ሄደ። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ በጣሪያው ክፈፍ ሥር በተሰቀለችው የእንጨት ሣጥን ውስጥ የእሳቱ ገመድ ተለኮሰ። ገመዱ ሲያልቅ ንግዱ ያበቃል፤ እሳቱ ሲጠፋ የነበረው ዋጋ የዕለቱ ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋው የወረደበት ገዢም ጉድለቱን በመያዣው ላይ ይጨምራል። ካንሱኬ ዓይኑን ከሣጥኗ አልነቀለም። ነገም እንደ ዛሬው ቢወርድ የቤቱ እኩሌታ ያልቃል። ወንድሙ ግን አልዋሸም። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። የገመዱ ጭስ ቀጠነ።

“ሃያ ሰባት ውል እሸጣለሁ!” አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው።

ዴንኩሮ ሰው እየገፋ መጣ። “አብደሃል? ደብዳቤውን ያሳየኸኝ አንተ አይደለህ?”

“እኔ ነኝ። ደብዳቤውም እውነት ነው።”

“ታዲያ ምን ነካህ?”

“ቁርሴን አልበላሁም።”

ዙሪያው በሳቅ ፈነዳ። “ስሙት! ሩዝ ገበያ መሐል ስለ ገንፎ ያወራል!” አለ አንዱ።

“አምጣው፣ እኔ እወስደዋለሁ” አለ ዴንኩሮ፤ “ገለባህንም ምራቂ ጨምርልኝ።”

“ዴንኩሮ፣ ተው። ይበዛብሃል። ለሌላ ልሽጠው።”

“ላንተ በዛ እንጂ ለኔ እንደሚበዛ ማን ነገረህ? እጅህን ስጥ!”

እንደ አገሩ ደንብ ፊት ለፊት ቆመው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፤ ሽያጩ ጸና። ወዲያው እሳቱ ጠፋ። መሄድ ያልፈለገው ሰው አሁንም ይጮህ ነበርና ገበያተኛውን የሚበትኑት ውኃ ረጪዎች ባልዲያቸውን ይዘው ወጡ፤ ካንሱኬም ትከሻው ረጥቦ፣ የቤቱን ገንዘብ ከሦስት እጅ አንዱን ከስሮ፣ ሦስት ውል ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ኦዮኔ የጠዋቱን ገንፎ አሞቀችለት። በላው፤ እያለቀሰም ቢሆን ጨረሰው።

ዋጋው ሁለት ቀን ሙሉ ወረደ። በሁለተኛው ቀን ዴንኩሮ መያዣ መጨመር አቃተውና የያዘው ሁሉ ያለ ፈቃዱ ተሸጠ፤ የንግድ ቤቱ ምልክት የሆነው የደጁ መጋረጃም ወረደ። ከሽያጩ በአራተኛው ቀን ተባዩ ከወረደበት ከምዕራቡ አገር መልእክተኞች ደረሱ፤ ቶኩዞ የጻፈው ሁሉ ቃል በቃል እውነት ሆኖ ተገኘ። ሩዝ ከዚያ ቀን ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላየም። የካንሱኬ ሦስት ውል የጠፋውን መልሶ ጥቂት ተረፈው፤ በተረፈውም ሩዝ ጭኖ ወደ ኢዮ ላከ። ጀልባው ሲደርስ ቶኩዞ ከተቀበረ አሥራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር፤ ልጆቹ ግን በሉ።

ዴንኩሮ በድልድዩ አጠገብ ጋሪ የሚገፋ ሆነ። ካንሱኬ ዕዳ እንዳለበት ሰው በዚያ ባለፈ ቁጥር ይቆማል፤ ያም ጋሪውን አሳርፎ ላቡን እየጠረገ፣ በየዓመቱ አንዱኑ ጥያቄ ይጠይቀዋል።

“ልክ ነበርኩ አይደል?”

“ልክ ነበርክ” ይለዋል ካንሱኬ። “ከኔ ይልቅ አንተ ልክ ነበርክ።”

ከዚያ ጋሪውን ከኋላ ይዞ እስከ ድልድዩ አናት አብሮት ይገፋል።

የዚያን ዓመት ነገር ታሪክ አልዘነጋውም፤ የተባዩ መውረድ፣ የረኀቡ መክፋት፣ የሩዙ ዋጋ ምን ያህል እንደ ናረ ተጽፎ ተቀምጧል። በዚያ ጽሑፍ ላይ ያቺ ካንሱኬ የሸጠባት ዕለት ከሌሎቹ ዕለታት አንዷ ናት፤ ዋጋው መውረዱ ብቻ ተመዝግቧል። እውነቱን አውቆ የከሰረውን ሰውም ሆነ እውነቱን እያወቀ እጁን የሰበሰበውን ሰው የጻፈ የለም። ዋጋ ይጻፋል፤ ያልተበላ ገንፎ ግን በማን መዝገብ ይገባል?