ቤት የሌለው አድራሻ

«ባልሽ ሊሸጠው የነበረው አድራሻ የት አካባቢ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አውጥታ።

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ማስታወቂያውን አይደለም። ቤቱን ነው የምጠይቅሽ።»

«ቤት የለውም» አለች የሟች ሚስት። «አድራሻ ብቻ ነው።»

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን መልሳ ከተተችው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባ አያልፋትም ለማለት ነው። ዛሬ ግን ወንፊቷም ትንሽ የተደፈነች መሰለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ኢንተርኔት ላይ ሱቅ ሲከፍት የሚጠራበት ስም ያስፈልገዋል። ያንን ስም ቀድሞ አስመዝግቦ የሚይዝ፣ ፈላጊ ሲመጣ በደህና ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ የዶሜይን ነጋዴ ይሉታል። የሰፈሩ ጎሚስታ ጎማ እየለጠፈ ይህን ንግድ የጀመረው በቅርቡ ነበር። ከጎማ ሌላ የሚያውቀው ስለሌለ «ጎማቤት ዶት ኮም» የሚለውን ስም ያዘ። ሰፈሩ ሳቀበት። ከዚያ አንድ የባሕር ማዶ ገዢ ቤት የሚያስገዛ ዋጋ ጻፈለት። ሰፈሩ ዝም አለ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ጎሚስታው መኪና ስር ተኝቶ ሲሠራ መኪናውን ያነሣበት ክሪክ ወርዶ መኪናው ተጫነው። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ድምፁን ሰምቶ ነበር፤ ጎማ የተጣለ መስሎት መርፌውን እንኳ አላቆመም።

«አደጋ ነው» አለ ወጣቱ ፖሊስ። «ካልሆነም ሚስቱ ናት። ትናንት ስትጮህበት ሰፈር ሰምቷል። ልጇን ለጎረቤት እንድትሰጥ ነግሬያታለሁ፤ ይዤያት እሄዳለሁ።»

«ትንሽ ቆይ፤ ልጁ ጡት ይጠባል» አለች ወንፊት፤ መኪናው ስር ጎንበስ አለች።

ጎሚስታ ከመኪና ስር ሲገባ የፈታውን ጎማ ከጎኑ ያስተኛል። ክሪክ ቢከዳ ጎማው መኪናውን ይሸከማል። እዚህ ግን ጎማው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አንዱ ጎኑ በትኩስ ዘይት ርሷል። መኪናው ስር ደግሞ የፈሰሰው ዘይት ላይ ክብ ምልክት ተቀምጧል። አንድ ሰው ጎማውን ጎትቶ አውጥቶ ክሪኩን አላልቷል።

ቀጥሎ የሟቹን እጆች አየች። በማስቲሽና በጎማ ጥቀርሻ የጠቆሩ ነበሩ። የግራ እጁ ትንሿ ጣት ብቻ ንጹሕ ናት። ወንፊት ተንበርክካ አሸተተቻት። ቤንዚን ትሸታለች።

ፖሊሱ ፊቱን አዞረ።

ሚስቲቱ መጀመሪያ ተጠየቀች።

«ለንግዱ ብሎ ሁለተኛ ስልክ ይዞ ነበር። እኔ ሴት የያዘ መስሎኝ፣ ተኝቶ ሳለ አውራ ጣቱን አስነካሁት፤ አልከፈተም።»

«ሌላ ጣቱንስ ሞከርሽ?»

«ሰው በስንት ጣቱ ይከፍታል?»

«ንግዱን የሚያስተምረው አሰልጣኝ ነበረው አሉ።»

«አዎ፣ ውጭ የተቀመጠው። መጀመሪያ ስሙን ‹ቆሻሻ ነው፣ ጣለው› አለው። ገዢ ሲመጣ ደግሞ ‹እኔ ልያዝልህ› እያለ ደጅ ሲጠና ከረመ። ባሌ እምቢ አለ። ትናንት የጮህኩበትም በዚሁ ነው፤ ቶሎ ሸጠህ ቤት ግዛልን ብዬ።»

ሁለተኛ የገባው ወንድሟ ነው፣ ፀጉር አስተካካይ። ሰፈሩ ውስጥ የተወለደ ቀልድ ሁሉ ወላጁ እሱ ነው።

«አማቼ ጌታ ሊሆን ነበር» አለ፤ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ስልኩን እንዴት ነበር የሚከፍተው?»

«እኔ ምን አውቄ። በአውራ ጣቱ ነው መቼም።»

በዚህ መሃል የራሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንዘፈዘፈ። አውጥቶ አየው፤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቶሎ መልሶ ከተተው። ወንፊት በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተች። አሰልጣኙ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቆይቶ ቀና ሲል ነበር።

አሰልጣኙ ነጭ ጫማ አድርጓል። ጎማ ላይ ሲቀመጥ መሐረብ አነጠፈ።

«ጎበዝ ተማሪዬ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ያንን ስልክ እንኳ ከካርቶኑ አውጥቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ እንዲዝረከረኩ አልወድም።»

«ያለዚያ ስልክ ስሙን መሸጥ ይቻላል?»

«በፍጹም። ስሙ ወደ ሌላ ባለቤት ሲዛወር የምስጢር ቁጥር ይላካል። ወደዚያ ስልክ ብቻ።»

«በየትኛው ጣቱ ነው የሚከፈተው?»

አሰልጣኙ ጫማውን አየ። «በ… በአውራ ጣቱ። እንደ ሰው ሁሉ።»

ወንፊት ሦስቱንም ጎማ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ሟቹ ሸራ ተሸፍኖ መሃላቸው ተኝቷል። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ከሚስቲቱ ኋላ ቆመ።

«አስከሬኑን ከዚህ ብታስነሡት» አለ አሰልጣኙ።

«ምስክር ነው፤ ይቆይ።»

ከሟቹ ኪስ የወጣውን ስልክ ያዘች፤ የሸራውን ጫፍ ገልጣ የሟቹን አውራ ጣት በጨርቅ ጠርጋ አስነካችው። አልከፈተም። ሚስቲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይህ ጣት ዕድሜውን ጎማ ሲፍቅ ኖሯል፤ እንደ አለቀ ጎማ ልሙጥ ነው። ስልክ አያነበውም። ሌሎቹም ያው ናቸው።» የግራ እጁን ትንሿን ጣት አስነካች። ስልኩ በራ። «ከሥራ የተረፈችው ይቺ ብቻ ናት። ገዳዩ ሌላ ጣት አልሞከረም። በቀጥታ ይቺን በቤንዚን ጠርጎ፣ ገና ሳትቀዘቅዝ ከፈተባት። ሚስቱ ብትሆን አውራ ጣቱን ትጠርግ ነበር፤ ወንድሟም እንዲሁ። የሚያውቁት እሱን ነዋ። ትንሿን ጣት የሚያውቀው ስልኩ ሲስተካከል ጣቶቹን አንድ በአንድ የሞከረለት ሰው ነው። ያንን ሰው ስጠይቀው ግን አውራ ጣት አለኝ።»

«ረስቼ ይሆናል» አለ አሰልጣኙ።

«ይሆናል። ስሙ ግን ልብስ ሰፊው ድምፁን ከሰማ በኋላ ወደ ሌላ ባለቤት ተዛውሯል፤ እዚህ ስልክ ላይ ይታያል። ሬሳ አይነግድም።»

«የተዛወረው በእኔ ስም ነው?»

«በሐሰት ስም ነው። ቅድም ውጭ ተቀምጠህ የጻፍከውን መልእክት ግን ማን እንደተቀበለው ልንገርህ?» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «አንብበው።»

ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን አወጣ። «‹አሁን ባለቤቱ እኔ ነኝ። ክፍያውን ለእኔ ላክልኝ› ይላል።»



«ላንተ ለምን ተላከ?» አለች እህቱ።

«ገዢው እኔ ነኝ፣ እህት ዓለም። የባሕር ማዶ ገዢ የሚባል የለም። ፀጉር ቤት ልንስቅበት ብለን ጻፍንለት። አምኖ መለሰ፤ ሳቅን፤ ዋጋ ጨመርን። ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ…»

«እኔ ቤት መርጬ ነበር» አለች ሚስቲቱ። «ባሌ ወስዶ አሳይቶኛል። ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ለክተናል።»

ወንድሟ ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ከጎማው ላይ ተነሥታ ሸራው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ፖሊሱ ከኋላዋ ወጥቶ ወደ ባለ ነጭ ጫማው ሄደ፤ ካቴናው ሲዘጋ ተሰማ።

አሰልጣኙ እጁን አላየም። ዓይኑ ፀጉር አስተካካዩ ላይ ነበር።

«ታዲያ ያ ዋጋ… ስሙ ምንም አያወጣም ማለት ነው?»

ወንፊት ሸራውን መልሳ አለበሰች።

«ገዢህ እዚሁ ተቀምጧል» አለች። «ተደራደሩ።»