ከአንሲ መልስ

በሌላው ላይ የሚመጣውን አደጋ አቅልሎ የሚያወራ ሰው፣ አደጋው በመጣ ጊዜ አብሮ ሊቆም ግድ ይለዋል። ይህን ግዴታውን ጥሎ የሸሸ ቅጣቱ ይዘገይበት ይሆናል እንጂ አይቀርለትም። ናኒ የተባለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይህን የተማረችው በገና ሰሞን፣ ከፈረንሳይ ወደ ጄኔቫ በሚመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

አውቶቡሱ ድንበሩ ላይ ቆሞ ሁለት የጠረፍ ጠባቂዎች ሲገቡ፣ ከጎኗ የተቀመጠችው ሶሊያና እጇን ጨብጣ ያዘቻት። 

«አይዞሽ» አለቻት ናኒ በሹክሹክታ። «ዝም ብለው አይተው ነው የሚያልፉት።»

ሶሊያና ከዙሪክ አጠገብ ካለችው ከኡስተር የመጣችው፣ የትምህርት ቤት ዕረፍቷን ጄኔቫ ዳር ባለችው በቬርኒየ፣ እነናኒ ቤት ልታሳልፍ ነበር። ልጆቹ የተዋወቁት በሰንበት ትምህርት ቤት የክረምት ጉባኤ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በስልክ ሳያወሩ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ናኒና ታላቅ እህቷ ሉሉ እዚያው የተወለዱ የስዊዘርላንድ ዜጎች ናቸው። የሶሊያና ቤተሰብ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የኖረው ኤፍ በሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድ ነው፤ በዚህ ፈቃድ እንደልብ ድንበር መሻገር አይቻልም። አባቷ አቶ ፊሊጶስ የተሻለውን የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቀው፣ ከሥራ በገቡ ቁጥር መልሱን ፍለጋ የፖስታ ሣጥኑን ይከፍታሉ።

ናኒ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሆኖም የፈረንሳይዋን ከተማ፣ የአንሲን የገና ገበያ ብቻዋን ማየት አልፈለገችም።

«የአንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው» ብላ ነበር በዚያ ጠዋት። «የሉሉን መታወቂያ ትይዣለሽ። እሷ እንደሆነ እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት።»

«እኔ ሉሉን እመስላለሁ?»

«ለፈረንጅ ሁላችንም አንድ ነን። የሒሳብ አስተማሪያችን ዓመቱን ሙሉ እኔን እድላዊት፣ አብራኝ የምትማረውን እድላዊትን ናኒ እያለ ነው የሚጠራው።»

ሶሊያና ሳቀች፤ ከዚያም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ብያዝስ?» አለች።

«እኔ አለሁ አይደል? የሰጠኋት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። አታካብጂ በቃ።»

ሲሄዱ ማንም አልጠየቃቸውም። አንሲ ጥንት፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራች ከተማ ናት፤ በጠባብ የድንጋይ መንገዶቿ መካከል የቦይ ውሃ ይፈሳል፣ ከኮረብታው ላይ አሮጌ ግንብ ቁልቁል ይመለከታታል። የፈረንጆቹ ገና ካለፈ ሦስት ቀን ቢሆነውም የእንጨት ሱቆቹ አልተነሡም ነበር። የእኛ ልደት ሊደርስ አሥር ቀን ስለሚቀረው፣ ሁለቱም ጾመኞች ነበሩ። የቀለጠ አይብ የፈሰሰበት ድንች ሽታ ግን ናኒን አሸነፋት፤ ገዝታ በላች። ሶሊያና ማሮን የሚባለውን፣ በከሰል የተጠበሰውን ፍሬ እየላጠች አየቻት።

«በአይብ ፈታሽው?»

«ፈረንሳይ ውስጥ የተበላ አይቆጠርም።»

«እግዚአብሔርም ኤፍ ነው ያለው በይኛ፤ ድንበር አይሻገርም።»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ውሃው መካከል ከቆመው፣ ጥንት እስር ቤት ከነበረው የድንጋይ ቤት ፊት ፎቶ ተነሡ። ሶሊያና ፎቶውን ደጋግማ አየችው።

«ከስድስት ዓመት በኋላ ሌላ አገር አየሁ» አለች። «ለካስ ይህን ያህል ቅርብ ነበር።»

አሁን አውቶቡሱ ውስጥ፣ ጠባቂው የሉሉን መታወቂያ ከሶሊያና ፊት አጠገብ ይዞ የተወለደችበትን ቀን ጠየቃት። ሶሊያና የተማረችው በጀርመንኛ ስለሆነ ፈረንሳይኛው አንደበቷን አሰረው። ጠባቂው የናኒን መታወቂያ ተቀብሎ አስተያየ፤ የቤተሰቡ ስም አንድ ነው።

«እህትሽ ናት? መታወቂያ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?»

ናኒ አፏን ስትከፍት ቃሏን ልትጠብቅ እንደሆነ ራሷም አምና ነበር። ነገር ግን ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ያያታል፤ የእናቷም ፊት ድቅን አለባት።

«እህቴ አይደለችም» አለች ጥርት ባለ ፈረንሳይኛ። «ቤታችን ያረፈች እንግዳ ናት። የእህቴ መታወቂያ እንዴት እጇ እንደገባ አላውቅም።»

ሶሊያና ሁሉንም ባይሆን የሚበቃትን ያህል ተረድታለች። ጠባቂው «እውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ናኒን አየቻት። ቦርሳዋን አንሥታ ተከትላው ወረደች። አውቶቡሱ ናኒን ይዞ ሄደ።

በማግሥቱ፣ ሶሊያና ለአባቷ ተሰጥታ ቤቷ ከገባች በኋላ፣ የናኒን ቃል ያመኑት እናቷ ወይዘሮ ሂሩት ወደ ኡስተር ደወሉ።

«አቶ ፊሊጶስ፣ ልጅዎን ሥርዓት ያስይዟት እንጂ። ከልጆቼ እኩል አብልቼ አስተኝቼ፣ ዕቃ ታነሣለች?»

ናኒ ደጁ ላይ ቆማ ትሰማለች። ከወዲያ የመጣው መልስ አጭር ነበር።

«አጥፍተናል፤ ይቅርታ ያድርጉልን፣ ወይዘሮ ሂሩት።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መዘምራኑ ለልደት ሲለማመዱ፣ እድላዊት «ቦርሳችሁን ዝጉ፤ የኡስተር እንግዳ እንዳትመጣ» ብላ ቀለደች። ሁሉም ሳቁ። ናኒም አብራ ሳቀች። የገዛ ሳቋን በጆሮዋ ስትሰማ ግን ወንበሯን ስባ ተነሣች፤ ወደ ቤት አልተመለሰችም፤ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄደች።

ከሦስት ሰዓት በኋላ በር የከፈቱላት አቶ ፊሊጶስ ናቸው። የሥራ ልብሳቸውን አላወለቁም።

«ግቢ ልጄ፤ ብርድ ነው።»

አልተቀመጠችም። እንደቆመች ሁሉንም ነገረቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ከፖሊስ የመጣ፣ የተከፈተ ደብዳቤ ነበር፤ አቶ ፊሊጶስ እየሰሙ እጃቸውን ከዚያ ላይ አላነሡም።

«ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርጋል?» አሉ በመጨረሻ። «ሌባ ብሎ የጻፋት እኔ ነኝ?»

ሶሊያና የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ያን ቀን ፈረንሳይኛሽ ያምር ነበር» አለች። «አንድ ስሕተት አልነበረውም።» ተመልሳ ገባች፤ በሩንም ዘጋችው።

ናኒ ወረቀትና እስክሪብቶ ለመነች። ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣ፣ ለፖሊስ፣ በዚያው ስሕተት በሌለው ፈረንሳይኛ፣ «መታወቂያውን የሰጠኋት እኔ ነኝ» ብላ ጀመረች።

የወጣቶች ፍርድ ቤት መታወቂያውን አሳልፋ በመስጠቷና በሐሰት በመወንጀሏ ናኒን ስምንት ቀን ያለ ክፍያ እንድትሠራ ፈረደባት፤ የፋሲካ ዕረፍቷን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሳህን ስታጥብ ፈጀችው። ከመዘምራን ለአንድ ዓመት ታገደች። ወይዘሮ ሂሩት ሁለተኛ ወደ ኡስተር ደውለው ይቅርታ ለመኑ። ከሶሊያና ላይ የሌብነቱ ክስ ተነሣ፤ በሰው መታወቂያ ድንበር መሻገሯ ግን ተመዝግቦ ስለቀረ፣ የአቶ ፊሊጶስ ማመልከቻ ለሁለት ዓመት እንዲቆይ ተደረገ። ናኒ እሑድ እሑድ አንድ ጊዜ ለሶሊያና ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሣው የለም።