የድንጋይ ቆራጩ ቃል

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ሻይ ጣደች፤ ዩኒፎርሟን ተኮሰች፤ ከዚያ አባቷን ልትቀሰቅስ ገባች። እንደ ወትሮው ሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ቁጭ እንዳለ ነው የተኛው። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ አለ። መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስምንት ላይ ስትደርስ እንደታነቀ ሰው ተንፈራግጦ አየር ሳበና ነቃ።

«ነጋ እንዴ? የተኛሁም አይመስለኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት እብነ በረድ ቆርጧል፤ አቧራው ሳንባውን ጎድቶታል። ሐኪሙ በቅርቡ፣ «ሲተኛ ትንፋሹ ይቋረጣል፤ ቀን የሚያንቀላፋውም ለዚህ ነው። የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልገዋል» ብሏል። ቤተሰቡ ግን በማንኮራፋቱ ለዓመታት ስቆበታል። እሷ ራሷ «ጄኔሬተሩ ተነሳ!» ትል ነበር። ትዝ ባላት ቁጥር በራሷ ትበሽቃለች።

በሩ ተንኳኳ፤ አባቷ የሚሠራበት የድንጋይ መቁረጫ ፎርማን ነው። ገብቶ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባለፈው ሳምንት አባቷ መጋዙ ፊት ቆሞ አንቀላፍቶ ጣቶቹ ለጥቂት ተርፈዋል።

«ተማሪዋ፣ ጽሑፍሽ ያምራል አሉ። ስላለፈው ሳምንቱ ጉዳይ ለቢሮ የሚቀርብ የአባትሽን ቃል ጻፊልን። ‹ጠጥቼ ስለገባሁ አንቀላፋሁ› በይ፤ አንድ መስመር ናት። በማስጠንቀቂያ ታልፎ ሰኞ ሥራው ይገባል።»

«አባዬ እኮ አይጠጣም!»

«አውቃለሁ። ታሞ ነው ካልን ግን ከምን ታመመ ይመጣል። ጣጣ ነው።»

«ከአቧራው ነዋ! አቧራውን የሚያስቀረውን ውሃ የምትከፍቱት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው። እግሩ ሲወጣ ‹ሥራ ያጓትታል› ብላችሁ ትዘጉና በደረቁ ታስቆርጡታላችሁ።»

ፎርማኑ ወደ አባቷ ዞረ። «ልጅህ አፍ አውጥታለች፣ ጃል።»

«ጻፊው፣ የኔ ልጅ» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «እንጀራችን ነው።»

«መጋዙ ፊት ደግመህ ብታንቀላፋስ?»

አባቷ ግን አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ማንኮራፋት ጀምሯል። ፎርማኑ ሳቀ። «ይኸው! ሥራ ላይም እንዲህ ነው እንቅልፉን የሚለጥጠው።»

ማንኮራፋቱ ተቋረጠ።

«ዝም ይበሉና ይቁጠሩ!» ብላ ጮኸችበት።

አስር ሲሞላ የፎርማኑ ፈገግታ ጠፋ። ሃያ ላይ ከወንበሩ ተነሳ። ሠላሳ አንድ ላይ አባቷ ተንፈራግጦ ነቃ፤ ሁለቱንም ግራ ተጋብቶ አያቸው።

ፎርማኑ ያመጣውን ወረቀት ሳበች። እስክሪብቶው ሊበሳው እስኪደርስ ተጭና ጻፈች፤ ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው። «ሃያ ሁለት ዓመት በደረቁ ቆርጫለሁ። አቧራው ሳንባዬን ጎድቶታል። ስተኛ ትንፋሼ ይቋረጣል። ያንቀላፋሁት ለዚህ ነው።»

«ይህንን ይዤ አልሄድም» አለ ፎርማኑ።

«እኛ እናመጣዋለን።»

እስክሪብቶውን አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠች። አሁን የቀረው ፊርማው ብቻ ነው።