ቀንዱና ጣባው

በሬዲዮ ያን ሁሉ ሰዓት ሲያወድሱት የየሻረግን ስም ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። ጋዜጠኛዋ፣ «ያቺ የመጽሐፍዎ ደም መጣጭ አሮጊት ከየት መጣችልዎት?» ብላ ብትጠይቀው ደራሲው ልዑልሰገድ ጉሮሮውን ጠረገና «ከምናብ» አለ። የሻረግ ምናብ የሚባል ሰፈር ደሴ ውስጥ አታውቅም። የምታውቀው ጀርባውን ነው። ራስ ምታቱ ሲነሳበት ትከሻውን በምላጭ ጫር ጫር አድርጋ፣ ቀንዷን ደፍታ፣ ጫፉን በከንፈሯ መጥጣ ዋግምት የምታግመው፣ ክፉ ደሙን የምታወጣለት እሷ ናት። ቤቱን ያሠራበትን መጽሐፍ ከእሷ ቀንድ ቀድቶ ምናብ ይላል።

ፊደል አልቆጠረችም እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው። መጽሐፉን ጎረቤቷ ዘነበች ከዳር እስከ ዳር አንብባላታለች። የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ሰምና አመድ የምትሸት፣ ቀንድ ላይ ተለጥፋ የበሽተኛውን ደም ጭልጥ የምታደርግ አሮጊት ሌላ ማን ልትሆን ነው? መንደሩም ለማወቅ አልተቸገረም። ታካሚው ሁሉ ቀረ፤ እናቶች ሲያዩዋት ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሕመም ስትመጥጥ ኖራ አንዲት ጠብታ በጉሮሮዋ አልወረደችም። ይህን የማያውቅ ሰው ደግሞ ደራሲ ይባላል።

የቀራት ታካሚ እሱ ራሱ ብቻ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቀንዶቿንና ደም የምትተፋበትን ጣባዋን በጨርቅ ቋጥራ ስትወጣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ውጦታል፤ የራሷ የእግር ኮቴ እንኳ ከኋላዋ የሚመጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሰሞኑን እህል አልስማማ ብሏታል፣ የጎረሰችው ሁሉ አመድ አመድ ይላታል። ጥርሷ በወለቀበት ድድ ላይም ምላሷን የሚወጋ ነገር ነበር። የአጥንት ስባሪ ነው ብላ በጥፍሯ ልትነቅለው ብትሞክር እንቢ አለ።

እሷን ሲያይ እስኪታነቅ ይጮህ የነበረው የልዑልሰገድ ውሻ ዛሬ ትንፍሽ ሳይል በሆዱ እየተሳበ መኪናው ሥር ገባ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ሶስና ጉንጯን ለመሳም ጎንበስ ብላ መሐል ላይ ተወችው። ቤቱ እርጥብ ወረቀትና ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ከኮርኒሱ በላይ የጉሙ ጠል በቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ልዑልሰገድ ሸሚዙን አውልቆ፣ ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ፣ በደረቱ ተኝቶ ነበር።

«ዛሬ ቃል ሳትሰጠኝ አልነካህም» አለችው። «የሻረግ ትተፋለች ብለህ ጻፍ። በስሜ።»

ትራሱ ውስጥ ሳቀ። «እማማ፣ እኔ እንደሆንኩ ሁሌም በደረቴ ነው የምተኛው። አይቼዎት አላውቅም። የጻፍኩት የሰማሁትን ነው።»

«ምን ሰማህ?»

«ሲመጥጡ እሰማለሁ። ሲተፉ ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ራስህን ትቼ ጆሮህን ላግምህ።»

ሳቁን ሳይጨርስ ትከሻውን በምላጩ ጫር ጫር አድርጋ ቀንዱን ደፋችበት። እልሁ ገፍቷት ነው መሰል፣ ከወትሮው ጠበቅ አድርጋ ሳበች። ቆርቆሮው ላይ የሚንጠባጠበው ጠል እየራቀ፣ የመስኮቱ ብርሃን እየደበዘዘ ሄደ፤ በቀንዱ ውስጥ የሚያፏጨው ትንፋሽ ብቻ እየቀረበ፣ እየሞቀ መጣ፤ ከክረምቱ ጀምሮ አጥንቷ ውስጥ ተኝቶ የከረመው ብርድ ከእግሯ ጣት ጀምሮ ቀስ እያለ ለቀቃት።

«አይበቃም፣ እማማ?»

«ዝም በል። ክፉው ገና ነው።»

አንሶላውን ጨምድዶ የያዘው እጁ ቆይቶ ተፈታ። ቀንዱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረች፤ ከዚያ ወደ ወገቡ፣ ከዚያም ቀንዱን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ቀና ስትል ጀርባው ከእጇ ሥር እንደ ሰም ነጥቶ ነበር፣ እንደ ሰምም ቀዝቅዞ። «ልዑል» አለች። ትራሱ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አልነበረም።

ሶስና ገብታ መብራቱን አበራች። ባሏን አየች፤ ቀጥሎ አልጋው ሥር የተቀመጠውን ጣባ አየች። ጎንበስ ብላ አነሳችውና ወደ መብራቱ አዘነበለችው። ጣባው ገና ከጨርቁ እንደወጣ ደረቅ ነበር፣ አንሶላውም ንጹሕ።

«እማማ» አለች፤ «ደሙስ?»

የሻረግ ሰውነቷ እንደ ልጅነቷ ቀሏት ነበር። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ምላሷም ድዷ ላይ ከበቀለው አዲስ ጥርስ ጋር ተጋጨ።

«ለዚያች ለሬዲዮዋ ልጅ ደውዪላት» አለቻት ጣባዋን ከእጇ እየተቀበለች፤ «የሻረግ አንዲት ጠብታ ውጣ አታውቅም በያት፣ ስሜንም አስተካክለሽ ጥሪ።»