የማሱኪቺ ድርሻ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ...

ጦርነቱ ካበቃ ሁለት ወሩ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጃፓን ውስጥ ኩሬ ከምትባለው የወደብ ከተማ አጠገብ፣ እናቴ ቤት። ፀሐይ ክፍሉን ሞልታዋለች።

ያገለገልኩባትን አጥፊ የጦር መርከብ ስሟን አልጠራም። ሦስት ዓመት ወደ ደሴቶቹ ሩዝና ወታደር አመላለስንባት። እሷም ተረፈች፣ እኔም ተረፍኩ። መትረፍ ከተባለ።

እናቴ በረሃብ ከሰውነት ተራ ወጥታለች። ያም ሆኖ ከምትሰፈርላት እፍኝ ሩዝ ግማሹን ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ፣ በየቀኑ ለታናሽ ወንድሜ ለማሱኪቺ ታቀርባለች። በእኛ ዘንድ ለዘመተ ሰው እንዲህ ይደረጋል። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ ላብ ከያዘ፣ ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ነው።

ትኩስ ሩዝ ደግሞ መቼ ላብ ሳይዝ ቀርቶ!

"እማ፣ አንቺ ብዪው" አልኳት በሹክሹክታ።

"ዝም በል። ወንድምህ እየበላ ነው።"

እንዲህ ከቀጠለች ክረምቱን አትዘልቀውም። ስለዚህ የደበቅኩትን አወጣሁት።

"ማሱኪቺ ሞቷል..."

"በዓይንህ አይተሃል?"

"እጁን ይዤው ነበር።"

የተሳፈረባት የጭነት መርከብ በጠላት ሰርጓጅ መርከብ ተመታች። አጃቢዎቿ እኛ ነበርን። ገመድ ጣልን። ከባሕሩ "ጋሼ!" ሲል ሰማሁት። ስቤ ስቤ እጁን ያዝኩት...

ያኔ "ሙሉ ፍጥነት!" ተባለ። አንድ ጆንያ ሩዝ እንዳይወድቅ ቀስ በሉ እያለ የሚጮህብን አዛዥ፣ ለሰው ጊዜ አልነበረውም።

ማንም አላስለቀቀኝም። ራሴ ለቀቅኩት።

እናቴ አላለቀሰችም። ክዳኑን አንስታ በእጅጌዋ አደረቀችውና መልሳ ከደነችው።

"ሩዙ ቀዝቅዟል" አለች። "እንግዲህ እናያለን።"

ጠበቅን...

ሳህኑ ውስጥ የሆነ ነገር ቋ... ቋ... አለ። የመብያ እንጨት ድምፅ ነው።

"እማ... አትክፈቺው።"

ከፈተችው።

አንድ ፍሬ ሩዝ የለም። ክዳኑ ውሃ ያንጠባጥባል። በጣቷ ነክታ ቀመሰችው።

"ጨው ነው" አለች። ከዚያ ፈገግ አለች። ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። "ርቦት ኖሯል ልጄን! ከነገ ጀምሮ የእኔንም ይብላ።"

"እማ፣ ተይ! በእግዜር ተይ!"

አልሰማችኝም። ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ታያለች።

ዞር አልኩ።

ሰሌኑ ርሷል... ሰው ጉልበቱን አጥፎ የተቀመጠበት ያህል። እርጥቡም ቀስ እያለ ወደ እኔ ይሰፋ ነበር።